ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብና የልደት በዓል

፩

ጣና በኢትዮጵያ ካሉት ሐይቆች ሁሉ የሚበልጥ ሐይቅ ነው። ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። በደቡብ ዳርቻው የባሕር ዳር ከተማ አለች፤ በከተማዋም አጠገብ ታላቁ የዐባይ ወንዝ ከሐይቁ ወጥቶ ረጅም ጕዞውን ይጀምራል። በሐይቁ መካከል ብዙ ደሴቶች አሉ፤ በደሴቶቹም ላይ ከጥንት ጀምሮ አብያተ ክርስቲያናትና ገዳማት ተሠርተዋል። የዳርቻው ሰዎች ደንገል እያሰሩ ታንኳ ይሠራሉ፤ በታንኳውም ዓሣ ያጠምዳሉ፥ እንጨትና እህልም ያመላልሳሉ። ዛሬ ግን የሞተር ጀልባ ደግሞ በሐይቁ ላይ ይሄዳል።

ከደሴቶቹ አንዲቱ ዳጋ ትባላለች። ዳጋ ከውሃው መካከል ቀጥ ብላ የወጣች፥ ዛፍ የለበሰች ተራራ ናት። በራስዋም ላይ የቅዱስ እስጢፋኖስ ገዳም አለ። ይህን ገዳም በ13ኛው መቶ ዓመት አባ ኂሩተ አምላክ የሚባል መነኵሴ እንደ መሠረተው ይነገራል። ስፍራው ጸጥታ የሞላበት ነው፤ የሚሰማውም የወፎች ድምፅ፥ የማዕበል ድምፅና የጸሎት ድምፅ ነው። በዚህ ገዳም ውስጥ የቀድሞ ነገሥታት ሬሳ በሣጥን ተቀምጦ ይኖራል። ከእነዚህም ነገሥታት አንዱ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ እንደ ሆነ መነኮሳቱ ይናገራሉ።

ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በጦርነት ኀይለኛ፥ በመንግሥት ሥራ ብርቱ፥ በመጻሕፍትም ዐዋቂ ነበረ። ከሥራው ሁሉ ግን አንዱ በተለየ ለልጆች ሊነገር ይገባል። ይኸውም የጌታችን የኢየሱስ ክርስቶስ የልደት በዓል ትርጕሙ ሳይነገር እንዳያልፍ አብዝቶ መድከሙ ነው። ከታሪኩም ውስጥ ሊከተሉት የሚገባ መልካም ነገር አለ፤ ሊርቁት የሚገባም ክፉ ነገር አለ። ሁለቱንም ማወቅ ይጠቅማል።

በዚህ ታሪክ የተጻፈው ዓመት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው፤ ወሩና ቀኑ ግን እንደ ኢትዮጵያ አቈጣጠር ነው።

፪

ዘርዐ ያዕቆብ በ1399 ዓመት በፈጠጋር አገር ጥልቅ በሚባል ስፍራ ተወለደ። አባቱ ዐፄ ዳዊት፥ እናቱም እግዚእ ክብራ ነበሩ። ዘርዐ ያዕቆብ ማለት የያዕቆብ ዘር ማለት ነው።

አባቱ ከሞተ በኋላ ወንድሞቹ ተራ በተራ ነገሡ። በዚያ ዘመን የንጉሥ ልጆች ስለ ዙፋን እርስ በርሳቸው እንዳይዋጉ ግሸን በሚባል አምባ ላይ በጠባቂ ይቀመጡ ነበር። ግሸን ዙሪያው ገደል፥ ራሱ ሜዳ የሆነ ተራራ ነው፤ መውጫውም ጠባብ ስለ ሆነ ካለ ፈቃድ መግባትና መውጣት አይቻልም ነበር። ዘርዐ ያዕቆብም ወደዚያ አምባ ተወስዶ ብዙ ዘመን ኖረ። የንጉሥ ልጅ ሲሆን እንደ እስረኛ ኖረ፤ ጦርና ፈረስም አልነበረውም። ነገር ግን መማር የሚከለክለው አልነበረም። ኋላ በስሙ የተጻፉት መጻሕፍት ቅዱሳት መጻሕፍትን በብዙ ትጋት እንደ ተማረ ያሳያሉ። ሌላው ሰው ጊዜው በከንቱ አለፈ ብሎ ያዝን በነበረበት ስፍራ እርሱ ለሚመጣው ሥራ ስንቅ ያዘ።

በ1429 ዓመት ወንድሙ ዐፄ ይስሐቅ ሞተ። ከዚያ በኋላ በጥቂት ዓመት ውስጥ ብዙ ነገሥታት ተፈራረቁ፤ አንዱ ሳይቈይ ሌላው ይተካ ነበር። አገሩም ተናወጠ። በመጨረሻ መኳንንቱ ወደ ግሸን መልእክተኛ ልከው በ1434 ዓመት ዘርዐ ያዕቆብን አውርደው አነገሡት። በዚያን ጊዜ ዕድሜው 35 ዓመት ያህል ነበረ።

እንደ ቤተ ክርስቲያን ትውፊት ኋላ የጌታችን የመስቀሉ ክፍል በግሸን አምባ ላይ እንዲቀመጥ ያደረገው ይህ ንጉሥ ነው። ስለዚህ መስከረም 21 ቀን ብዙ ሕዝብ ወደ ግሸን ማርያም ይሄዳል። ዘርዐ ያዕቆብ እንደ እስረኛ የኖረበት ተራራ እንዲህ የጸሎት ተራራ ሆኖ ተሰማ።

፫

ንጉሡ በ1436 ዓመት ወደ አክሱም ሄደ፤ በዚያም እንደ ጥንቱ የነገሥታት ሥርዐት ዘውድ ጫነ። የመንግሥት ስሙም ቈስጠንጢኖስ ተባለ።

ዘርዐ ያዕቆብ መንግሥቱን ዞሮ ባየ ጊዜ እጅግ አዘነ። ብዙ ሰው በክርስትና ስም ተጠርቶ ነበር፤ በልቡ ግን ገና ጠንቋይን ይፈራ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ደርሶ ከተመለሰ በኋላ ከዛፍ ሥር ወይም ከምንጭ አጠገብ መሥዋዕት የሚያቀርብ ነበረ። በዓል በመጣ ጊዜ ይበላል፥ ይጠጣል፥ ይዘፍናል፤ በዓሉ ስለ ምን እንደ ሆነ ቢጠይቁት ግን መልስ የለውም ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ቅርፊቱን ይዞ ፍሬውን እንደ ጣለ ሰው ነው።

ንጉሡም ይህ የሆነው ሕዝቡ ስላልተማረ መሆኑን አስተዋለ። ስለዚህ ካህናት በሰንበትና በበዓል ቀን ሕዝቡን ሰብስበው ሃይማኖትን እንዲያስተምሩ አዘዘ። ሕዝቡም ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄዶ ትምህርቱን እንዲሰማ አዘዘ። መጽሐፈ ብርሃን የሚባለው መጽሐፍ ይህን ትእዛዝና ብዙ ትምህርት የያዘ ነው። ስሙም ለሥራው ይስማማል፤ ትምህርት በጨለማ ቤት ውስጥ እንደ ገባ መብራት ነውና።

በዚያ ዘመን ስለ ሰንበት ታላቅ ክርክር ነበረ። አንዳንዶቹ መነኮሳት ቅዳሜና እሑድ ሁለቱም ይከበሩ ይሉ ነበር፤ ሌሎቹ ግን እሑድ ብቻ ይከበር ይሉ ነበር። በዚህም ምክንያት ገዳም ከገዳም ተለይቶ ነበር። ንጉሡ በ1450 ዓመት በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ አደረገ። ከግብጽ የመጡት ጳጳሳት አባ ሚካኤልና አባ ገብርኤልም በዚያ ተገኙ። ሁለቱም ሰንበታት እንዲከበሩ ተስማሙ፤ የተለያዩትም ታረቁ። በኢየሩሳሌም ለሚኖሩት ኢትዮጵያውያን መነኮሳትም ንጉሡ መጽሐፍ ልኮላቸው ነበር። የጌታችን የልደቱ ስፍራ ቤተ ልሔም ለእነዚያ መነኮሳት ቅርብ ነበረች።

፬

በ1445 ዓመት በንጉሡና በአዳል ሱልጣን በበድላይ መካከል ታላቅ ጦርነት ሆነ። የተዋጉትም በደዋሮ አገር ጎሚት በሚባል ስፍራ ነው። ከሁለቱም ወገን ብዙ ሰው ሞተ፤ በድላይም በጦርነቱ ላይ ሞተ፥ ድሉም የዘርዐ ያዕቆብ ሆነ። ድሉ የተገኘበት ቀን ታኅሣሥ 29፥ የጌታችን የልደት ቀን እንደ ነበረ ተጽፏል።

በዓለም ላይ ብዙ ነገሥታት ጦርነት ባሸነፉ ጊዜ የድል ሐውልት አቁመዋል፤ በሐውልቱም ላይ የራሳቸውን ስም አስቀርጸዋል። ዘርዐ ያዕቆብም ያንን ቀን የራሱ የክብር ቀን ሊያደርገው ይችል ነበር። እርሱ ግን የቀኑን ክብር በከብቶች ግርግም ለተኛው ሕፃን ሰጠ። በልደት ቀን የሚከበረው በፈረስ የተቀመጠው ንጉሥ እንዳይሆን፥ በጨርቅ የተጠቀለለው ሕፃን እንዲሆን ፈቀደ።

ደግሞም ልደት በዓመት አንድ ቀን ብቻ ታስቦ እንዳይረሳ በየወሩ በ29ኛው ቀን እንዲታሰብ አዘዘ። ስለዚህ ነገር ልጆች በጣታቸው ሊቈጥሩት የሚችሉት አንድ ሒሳብ አለ። መልአኩ ገብርኤል ለእመቤታችን ለድንግል ማርያም የምሥራች የነገረበት ቀን መጋቢት 29 ነው። ከመጋቢት 29 እስከ ታኅሣሥ 29 ቢቈጠር 9 ወር ይሆናል፤ የጳጉሜን 5 ቀን ሲጨመር 9 ወር ከ5 ቀን ይሆናል። ጳጉሜን 6 ቀን በሆነች ጊዜ ግን፥ ይህ ቍጥር እንዳይዛነፍ፥ ከእርስዋ በኋላ የሚመጣው ልደት ታኅሣሥ 28 ቀን ይከበራል። እንዲህ የምሥራቹ ቀንና የልደቱ ቀን በ29 ይገናኛሉ። እስከ ዛሬም በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን በየወሩ 29ኛው ቀን በዓለ ወልድ ተብሎ ይከበራል።

ንጉሡ ለእመቤታችንም በዓመት 33 በዓላት እንዲከበሩ አዘዘ። ነገር ግን በዓልን ማብዛት ብቻውን እንደማይበቃ ዐወቀ። በዓሉ በዛ፥ ትምህርቱ ግን ጠፋ ቢባል ምን ይረባል? ስለዚህ ከበዓሉ ጋራ መጽሐፍ ሰጠ።

፭

ይህ መጽሐፍ መጽሐፈ ሚላድ ይባላል። ሚላድ የዐረብ ቃል ነው፤ ትርጕሙም ልደት ማለት ነው። በየወሩ የልደት መታሰቢያ ቀን በቤተ ክርስቲያን ሊነበብ የተዘጋጀ ትምህርት በውስጡ አለ። የጥንት ነቢያት ስለ ክርስቶስ መወለድ የተናገሩትን ቃል ከየመጽሐፉ እየሰበሰበ የተጻፈ ነው። ቃሉ አንዳንድ ጊዜ ከተቃዋሚዎች ጋራ የሚከራከር፥ የሚቈጣም ነው። የትምህርቱ ሥር ግን አንድ ነው፤ ይኸውም ሰማይንና ምድርን የፈጠረ ጌታ ሰውን ስለ ወደደ እንደ ሰው ልጅ ሆኖ መወለዱ ነው።

ይህ ትምህርት ለሊቅም ጥልቅ ነው፤ ለሕፃንም ግን ቀላል ነው። ማርያምና ዮሴፍ ወደ ቤተ ልሔም በሄዱ ጊዜ ማደሪያ አጡ። ሕፃኑ በከብቶች ግርግም ተኛ። የምሥራቹ አስቀድሞ የተነገረው ለነገሥታት ሳይሆን በሌሊት መንጋ ለሚጠብቁ እረኞች ነበረ። በጣና ዳር በሌሊት ከብት የጠበቀ ልጅ ብርዱን ያውቀዋል፤ የጅብ ጩኸትም ሰምቶ ያውቃል። እንዲህ ላለ ድኻ እረኛ የሰማይ መልእክት መጣለት። እንግዲህ በልደት ቀን ማንም ድኻ ነኝ ብሎ ሊያፍር አይገባውም፤ ማንም ባለጠጋ ነኝ ብሎ ሊታበይ አይገባውም።

በንጉሡ ዘመን ከሕዝቡ መካከል ማንበብ የሚያውቀው እጅግ ጥቂት ነበር። ስለዚህ የሚነበበውን በጆሮው ይሰማ ነበር፥ የሚሳለውንም በዓይኑ ያይ ነበር። በዚያው ዘመን ፍሬ ጽዮን የሚባል ብልህ ሠዓሊ ነበረ፤ ሥራውም ንጉሡ የወደደው ዐይነት ነበር። በዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም ፍሬ ጽዮን በእንጨት ሠሌዳ ላይ የሣለው ሥዕል እስከ ዘመናችን ደርሷል። በሥዕሉ ላይ እመቤታችን ሕፃኑን ጌታ ታቅፋ ትታያለች፤ መላእክት ሚካኤልና ገብርኤልም በግራና በቀኝ ቆመዋል። ፊደል ያልቈጠረ ሰው ይህን ሥዕል ባየ ጊዜ ልደት ምን እንደ ሆነ ያስታውሳል፤ እናትና ልጅ ያያልና።

እንዲህ ንጉሡ ሦስት ነገር አደረገ፤ ቀን ወሰነ፥ መጽሐፍ አስጻፈ፥ አስተማሪም አቆመ። ሦስቱ ከአንድነት በቆሙ ጊዜ በዓል ሥር ይኖረዋል።

፮

ነገር ግን የዘርዐ ያዕቆብ ታሪክ ሁሉ መልካም አይደለም። ለሃይማኖት ያለው ቅንዐት ብዙ ጊዜ ወደ ጭካኔ ተለወጠ። ሰው ሁሉ በግንባሩ ላይ የአብን የወልድን የመንፈስ ቅዱስን ስም ጽፎ እንዲሄድ አዘዘ፤ በእጆቹም ላይ ሰይጣንን እንደ ካደ የሚናገር ቃል ጽፎ እንዲይዝ አዘዘ። እንቢ ያለውም ይቀጣ ነበር። የግንባሩ ጽሕፈት ለዓይን ይታያል፤ በልብ ውስጥ ያለውን ግን ማን ያየዋል? ብዙ ሰው ቅጣቱን ፈርቶ በግንባሩ ጻፈ እንጂ ልቡ በዚህ አልተለወጠም።

ለመስቀልና ለእመቤታችን ሥዕል አንሰግድም ያሉትን ደቂቀ እስጢፋኖስ የተባሉትን መነኮሳትም ንጉሡ አስገረፈ፥ አሰረ፥ ከእነርሱም ብዙዎቹ ተገደሉ። ጣዖት አመለኩ ተብለው የተከሰሱትን የገዛ ልጆቹን እንኳ አልማረም፤ ወንዶችም ሴቶችም ልጆቹ በጽኑ ግርፋት ተቀጡ፥ ከእነርሱም የሞቱ አሉ። በክስ ምክንያት ሐሰተኞች ከሳሾች በዙ፤ ሰው በጠላው ሰው ላይ ውሸት እየተናገረ ያስቀጣ ነበር።

ከሚስቶቹ አንዲቱ ጽዮን ሞገሳ ትባል ነበር። እርስዋም ልጅዋን በእደ ማርያምን በአባቱ ዙፋን ልታስቀምጥ አሰበች ተብላ ተከሰሰች። ንጉሡም ተቈጥቶ አስገረፋት፤ እርስዋም ከግርፋቱ የተነሣ ሞተች። ልጅዋ በእደ ማርያም እጅግ አዘነ፤ ለእናቱ መታሰቢያም ሻማና ዕጣን ወደ ተቀበረችበት ቤተ ክርስቲያን ወሰደ። ይህን በሰማ ጊዜ ንጉሡ በልጁ ደግሞ ተቈጣ። ኋላ ግን መነኮሳት ስለ ልጁ ማልደው አባትና ልጅ ታረቁ።

ስለ ድንግል ማርያምና ስለ ልጅዋ ያን ያህል መጽሐፍ ያስጻፈ ንጉሥ፥ በገዛ ቤቱ ያለችውን እናትና ልጅዋን ባሳዘነ ጊዜ መጽሐፉን ረሳው። በግርግም የተኛው ጌታ ሰይፍ ይዞ አልመጣም፥ ጅራፍም ይዞ አልመጣም። ማንንም በግድ አልጠራም፤ እረኞቹ ወደው መጡ። ስለዚህ ልደትን የሚያከብር ሰው እጁን ከቍጣ ሊመልስ ይገባዋል። ሃይማኖት በትምህርትና በፍቅር ወደ ልብ ይገባል እንጂ በጅራፍ አይገባም።

፯

ንጉሡ ከብዙ ጕዞ በኋላ በሸዋ ምድር ሳለ ከሰማይ ብርሃን ታየ ተባለ። እርሱም ስፍራውን ደብረ ብርሃን ብሎ ጠራው፤ የብርሃን ተራራ ማለት ነው። በዚያ ቤተ ክርስቲያንና ቤተ መንግሥት ሠራ፤ ከዚያ በፊት ነገሥታት ከሰፈር ወደ ሰፈር በድንኳን ይዞሩ ነበር፥ እርሱ ግን ከኋለኛው ዘመኑ የሚበልጠውን በዚህ ከተማ ተቀመጠ። ደብረ ብርሃን እስከ ዛሬ ድረስ ታላቅ ከተማ ሆና ትኖራለች።

ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ 34 ዓመት ከነገሠ በኋላ በ1468 ዓመት በደብረ ብርሃን ሞተ። ልጁ በእደ ማርያምም በአባቱ ፋንታ ነገሠ። እናቱን በግርፋት ያጣ ይህ ልጅ በነገሠ ጊዜ በቀልን አልፈለገም፤ ይልቁንም በአባቱ ዘመን የታሰሩትን ብዙ ሰዎች በምሕረት ፈታ። አባቱ በመጽሐፍ ያስተማረውን ምሕረት ልጁ በሥራ አሳየ።

የዘርዐ ያዕቆብ ሬሳ ከሌሎች ነገሥታት ጋራ በዳጋ ደሴት ዐርፏል። ዘውዱ፥ ሠራዊቱና የቤተ መንግሥቱ ግርማ ሁሉ አልፏል። ሰዎች የፈሩት ቍጣውም አልፏል። በየወሩ በ29 የሚነበበው የልደት ትምህርትና የሚደረገው መታሰቢያ ግን ከእርሱ በኋላ ከ500 ዓመት በላይ ኖሯል። ሰው በጕልበቱ ያደረገው ከጕልበቱ ጋራ ይሞታል፤ ለእግዚአብሔር ክብር ያስተማረው ግን ይኖራል።

፰

በጣና ዳርቻ በባሕር ዳርና በደሴቶቹ ገዳማት የልደት በዓል በየዓመቱ በታላቅ ደስታ ይከበራል። አስቀድሞ ምእመናን ከኅዳር 15 ጀምረው የነቢያትን ጾም ይጾማሉ። በዋዜማው ካህናትና ሕዝብ በቤተ ክርስቲያን ሌሊቱን ሁሉ በማኅሌትና በጸሎት ያድራሉ። ሲነጋ ከቅዳሴ በኋላ ጾሙ ይፈታል፤ ዶሮ ወጥ፥ እንጀራና ጠላ ይቀርባል፥ ዘመድም ከዘመድ ጋራ ይገናኛል። ከሰዓት በኋላ ጐበዞች በሜዳ ላይ ገና ይጫወታሉ፤ ጫፉ የታጠፈ ዱላ ይዘው ሩር ይመታሉ። የቤተ ልሔም እረኞች የልደቱን የምሥራች በሰሙ ጊዜ ከደስታ የተነሣ በዱላቸው እንደዚህ ተጫወቱ ተብሎ ይነገራል።

መብሉ መልካም ነው፤ ጨዋታውም መልካም ነው፤ አዲስ ልብስም ለልጅ ደስታ ነው። በዛሬ ዘመን ደግሞ በከተማ ብዙ የሚሸጥና የሚገዛ ዕቃ፥ በብርሃን ያጌጠ ዛፍና የሩቅ አገር ልማድ ተጨምሯል። እነዚህ ሁሉ የበዓሉ ልብስ ናቸው። ልብስ ለሰው ጌጥ ነው፤ ነገር ግን ሰው የሌለበት ልብስ በግድግዳ እንደ ተሰቀለ ጨርቅ ነው። እንዲሁ የጌታ መወለድ ያልታሰበበት ገና ባዶ ልብስ ይሆናል። በግ የሚያርድ ባለጠጋ ልደቱን ቢረሳ በዓሉ አምልጦታል፤ ሽሮ ብቻ ያለው ድኻ ልደቱን በእምነት ቢያስብ በዓሉ በቤቱ ገብቷል።

ብልህ ልጅ የልደት ቀን ሲደርስ እንዲህ ያደርጋል። አስቀድሞ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄዶ ጸሎቱንና ንባቡን ያዳምጣል። ወደ ቤቱ በተመለሰ ጊዜ ፊደል ላልቈጠሩት አያቶቹ የልደቱን ታሪክ ከመጽሐፍ ያነብላቸዋል። ከገበታው ለተራበ ጎረቤት ያካፍላል፤ ለሕፃኑ ጌታ ማደሪያ የነፈጉትን ሰዎች መምሰል አይወድም። ከተጣላው ጓደኛው ጋራ ሳይመሽ ይታረቃል። ታናሽ ወንድሙንም በዱላ ሳይሆን በመልካም ቃል ያስተምረዋል። ከዚያ በኋላ ዱላውን አንሥቶ ወደ ገና ሜዳ ይሮጣል፤ ደስታውም ሙሉ ይሆናል።

በዳጋ ደሴት ያረፈው ንጉሥ ልደት በየወሩ እንዲታሰብ አዘዘ። በዚህ መልካም አደረገ። በግንባር ላይ በግድ ሊያስጽፈው የፈለገውን ግን በልብ ላይ የሚጽፈው ፍቅር ብቻ ነው። የልደትን ትርጕም የሚማር፥ የሚያስተምርና በፍቅር የሚሠራ ሰው ገናን በእውነት አከበረ።